ጂራ ከስላክ ጋር መነጋገር ሲያቆም፦ የተሳሰሩ የሥራ ሶፍትዌሮችን ችግር ከምንጩ ማግኛ መመሪያ

የሥራ መከታተያ በሆነው በጂራ ላይ የተመዘገበ ሥራ ወትሮ ወዲያው በመልእክት መለዋወጫው በስላክ ላይ ይታይ ነበር፤ ከማክሰኞ ወዲህ ግን ምንም አይመጣም። ጉግል ካላንደር ላይ ስብሰባ ሲያዝ የዙም አድራሻ ራሱ ይገባ ነበር፤ አሁን ቦታው ባዶ ነው። እንዲህ ሲሆን በብዙ ቢሮዎች የሚወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ ትስስሩን ነቅሎ እንደ አዲስ መትከል ነው። እባክዎ እዚያ ላይ ይታገሡ። ትስስሩ ሲነቀል ችግሩን የሚናገረው የስህተት መዝገብ አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ የትኛው ፕሮጀክት ለየትኛው የስላክ ቻናል (የውይይት ክፍል) መልእክት እንደሚልክ በጥንቃቄ የተቀመጠው ዝርዝርም እንዲሁ። ከሁሉ የከፋው ግን አዲሱ ትስስር ሳይታሰብ በነቃዩ ሰው የግል አካውንት ስም መተከሉ ነው። ያ ሰው ሥራ ሲለቅ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል።

ይህ መመሪያ ከምልክቱ ተነሥቶ ወደ ምንጩ የሚወስድ ነው። ምሳሌዎቹ ከጂራ፣ ከስላክ፣ ከጉግል ወርክስፔስ እና ከማይክሮሶፍት 365 የተወሰዱ ናቸው፤ አካሄዱ ግን ለሌሎችም ይሠራል።

በቅድሚያ፦ ትስስሩ በምን ላይ እንደቆመ

ዛሬ አብዛኞቹ የሥራ ሶፍትዌሮች እርስ በርስ የሚፈቃቀዱት ኦ-ኦውዝ 2.0 በሚባለው ስምምነት ነው። ስምምነቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ነው። ከዚህ ዓይነቱ አሠራር በፊት አንዱ ሶፍትዌር ሌላው ዘንድ እንዲገባ የይለፍ ቃልዎን ራሱን አሳልፈው ይሰጡት ነበር። አሁን «ፍቀድ» የሚለውን ሲጫኑ ቶከን የሚባል መግቢያ ይሰጠዋል። እንደ ሆቴል ክፍል ካርድ ነው፦ የሚከፍተው የተፈቀደለትን ክፍል ብቻ ነው፤ ጊዜውም የተቆረጠ ነው።

ቶከኑ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ዕድሜው አጭር ነው፤ የጉግል ለአንድ ሰዓት፣ የማይክሮሶፍት እንደ ነባሪው ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይቆያል። ሁለተኛው ማደሻ ቶከን ነው፤ የመጀመሪያው ባለቀ ቁጥር ማንንም ሳይጠይቅ አዲስ ያወጣል። ማደሻው ሲሞት ትስስሩ ያኔውኑ አይቋረጥም፤ አጭሩ ቶከን እስኪያልቅ ድረስ ይሠራል። «ማንም ምንም ሳይነካው ቆመ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። የተነካው ከቆመበት ሰዓት በፊት ነው፤ ስለዚህ ሲመረምሩ ወደ ኋላ ሄደው ይጠይቁ።

1ኛ ደረጃ፦ ምልክቱን በጽሑፍ ይያዙ

«አይሠራም» ከሚለው ቃል ተነሥቶ መመርመር አይቻልም። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ችግሩ የደረሰው በአንድ ሰው ላይ ነው ወይስ በሁሉም? ሁልጊዜ ነው ወይስ አልፎ አልፎ? በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ወይስ በሁለቱም? በአንድ ሰው ላይ ብቻ ከሆነ የዚያን ሰው አካውንት ወይም ፈቃድ ይጠርጥሩ። በሁሉም ላይ ከሆነ የጋራውን ቶከን፣ መረቡን ወይም አገልግሎት ሰጪውን። ብቅ ጥልቅ የሚል ከሆነ ደግሞ የጥያቄ ብዛት ገደብ፣ ደካማ መስመር ወይም የተዛባ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ስላክ፣ የጂራ ባለቤት የሆነው አትላሲያን፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት የአገልግሎታቸውን ሁኔታ የሚያሳውቁበት ገጽ አላቸው፤ ወደ ሥራ ከመግባትዎ በፊት አንድ ጊዜ ይመልከቱት። ብልሽቱ ከእነርሱ ከሆነ የእርስዎ ድርሻ መጠበቅ ነው።

2ኛ ደረጃ፦ ቁጥሩን ያንብቡ

ለሠራተኛው የሚታየው መልእክት «ችግር ተፈጥሯል፤ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ብቻ ቢሆንም፣ ከበስተጀርባው ቁጥር አለ። በትስስሩ ቅንብር ውስጥ ሎግ የሚባለው የክንውን መዝገብ ገጽ ካለ እዚያ ይገኛል። ከሌለና ችግሩ በብሮውዘር ላይ የሚታይ ከሆነ ኤፍ12 የሚለውን ቁልፍ ተጭነው የኔትወርክ ክፍሉን ይክፈቱ፤ ከዚያ ስህተቱን እንደገና እንዲከሰት ያድርጉ። በቀይ የሚወጣው መስመር ቁጥሩን ይዟል።

401 ማለት «ማን እንደሆንክ አላወቅሁም» ነው፤ ቶከኑ አልቋል፣ ተሰርዟል ወይም ተሳስቷል። 403 ማለት «ማንነትህን አውቄአለሁ፤ ይህን ለማድረግ ግን አልተፈቀደልህም» ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት መያዝ ብቻውን ግማሽ ቀን ያተርፋል፤ በ403 ላይ ቶከን ማደስ፣ በ401 ላይ ደግሞ የፕሮጀክት ፈቃድ መጨመር ከንቱ ድካም ነውና። 429 ጥያቄ በዛ ማለት ነው፤ ከመልሱ ጋር «ሪትራይ አፍተር» የሚል መስመር ካለ ስንት ሰከንድ መጠበቅ እንደሚገባ ይነግራል። ከ500 ጀምሮ ያሉት ችግሩ በወዲያኛው ሰርቨር ወይም በመካከል ባለ አስተላላፊ ላይ መሆኑን ይጠቁማሉ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው 404 ነው። ትርጉሙ «የለም» ቢሆንም የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ የሆነውን ጊትሀብን የመሰሉ አገልግሎቶች ፈቃድ ለሌለው ሰው የተዘጋ ማከማቻ መኖሩን እንኳ ላለማሳወቅ ሲሉ ከ403 ይልቅ 404 ይመልሳሉ። ስለዚህ ዓይንዎ እያየው ያለ ነገር «የለም» ከተባለ ፈቃድን ይጠርጥሩ። ሁለተኛው ስላክ ነው። ጥያቄው ባይሳካም ስላክ ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው 200 ነው፤ ይህ ደግሞ የስኬት ቁጥር ነው። እውነቱ ያለው በመልሱ ውስጥ ባለች አጭር ቃል ነው። «አካውንት ኢንአክቲቭ» ካለ የቶከኑ ባለቤት አካውንት ተዘግቷል፤ «ቶከን ሪቮክድ» ካለ ፈቃዱ ተነሥቷል፤ «ሚሲንግ ስኮፕ» ካለ የተሰጠው ፈቃድ ለሥራው አይበቃም፤ «ኖት ኢን ቻናል» ካለ ቦቱ (በትስስሩ ስም መልእክት የሚጽፈው አካውንት) ወደ ቻናሉ አልገባም። ቁጥሩን ብቻ የሚቆጣጠር ሰው ሁሉም ደህና ነው ብሎ ያልፋል።

ምንም ቁጥር ከሌለና ዝም ብሎ ቆይቶ የሚቋረጥ ከሆነ ጥያቄው ሰርቨሩ ዘንድ ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ወደ 6ኛው ደረጃ ይሂዱ።

3ኛ ደረጃ፦ ትስስሩ በማን ስም ነው?

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው። ትስስሩን የተከለው ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ሲለቅ የሰው ኃይል ክፍል አካውንቱን እንዲዘጋ ያደርጋል፤ ማድረጉም ትክክል ነው። ነገር ግን በዚያ አካውንት ስም የቆሙት ትስስሮች ሁሉ አብረው ይወድቃሉ። አንዳንዱ ያንኑ ዕለት፣ አንዳንዱ ወር ቆይቶ ስለሚወድቅ ማንም ሁለቱን ነገሮች አያገናኛቸውም።

ባለቤቱ ባይለቅም ቶከን ይሞታል። በጉግል በኩል የማደሻ ቶከን ለስድስት ወር ካልተጠቀሙበት ይሰረዛል። ቶከኑ የጂሜይል ፈቃድ ካለው ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ሲቀይር ይሞታል። አንድ የጉግል አካውንት ለአንድ መተግበሪያ ሊይዝ የሚችለው የማደሻ ቶከን 100 ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ የቆየው ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰረዛል። በመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ የተሠራ መተግበሪያ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይመልከቱ፦ ለውጭ ተጠቃሚዎች ክፍት ሆኖ «በሙከራ ላይ» በሚል ሁኔታ ከተተወ ማደሻ ቶከኑ በ7 ቀን ያልቃል። በየሳምንቱ የሚቆም ትስስር ካለዎት መጀመሪያ የሚፈተሸው ይኸው ነው።

ባለቤቱን ለማወቅ በስላክ የመተግበሪያዎች ማስተዳደሪያ ገጽ ላይ ማን እንደጫነው ይመልከቱ። በጉግል የአስተዳዳሪ ኮንሶል ውስጥ ከደህንነት ሥር የኤፒአይ (የሶፍትዌሮች መገናኛ) መቆጣጠሪያ አለ፤ የትኛው መተግበሪያ ምን እንደተፈቀደለት ያሳያል። የማይክሮሶፍት የአካውንቶች ማስተዳደሪያ በሆነው በኤንትራ «ኢንተርፕራይዝ አፕሊኬሽንስ» የሚለውን ይክፈቱ።

መፍትሔው ለትስስር ብቻ የሚያገለግል፣ የማንም ሰው ስም የሌለበት አካውንት መክፈት ነው። ተጨማሪ የተጠቃሚ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፤ በእኔ እምነት ግን ሥራ አስኪያጁን ለማሳመን የሚደከምለት ወጪ ነው። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ የጉግል ቡድን ኢሜይልን መጠቀም አይሠራም፤ የቡድን አድራሻ መልእክት ይቀበላል እንጂ ገብቶ «ፍቀድ» ማለት አይችልም። አካውንቱ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይኑረው፤ ማረጋገጫውም ቢያንስ በሁለት ሰዎች እጅ ይሁን።

4ኛ ደረጃ፦ ሁለቱ ሶፍትዌሮች የሚያዩት አንድ ሰው ነው?

ብዙ ትስስሮች ሰውን የሚለዩት በኢሜይሉ ነው። እዚህ ላይ በእኛ አገር መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ተደጋግሞ የሚታይ ችግር አለ። የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ወጥ መንገድ የለውም። መቅደስን አንዱ በ«ኬ» ይጽፈዋል፣ ሌላው በ«ኪው»፤ ፀሐይን አንዱ በ«ዋይ» ይጨርሰዋል፣ ሌላው «ኢ» ይጨምርበታል። የሰው ኃይል ክፍል በቅጥር ደብዳቤው መሠረት ይመዘግባል፣ የኮምፒውተር ክፍሉ በፓስፖርቱ መሠረት። ጂራ ሁለት ሰው ያያል። ሠራተኛዋ ወደ ሁለቱም ሶፍትዌሮች በትክክል ትገባለች፤ የተሰጣት ሥራ ግን ስላክ ላይ አይደርሳትም፤ ስህተት የሚል መልእክትም የለም።

ፍተሻው ቀላል ነው። የሁለቱን ሶፍትዌሮች የተጠቃሚ ዝርዝር በሠንጠረዥ አውርደው ኢሜይሎቹን ጎን ለጎን ያስተያዩ፤ ጥንድ ያላገኘው ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ሲያስተካክሉ ሦስተኛ አካውንት አይክፈቱ። ትክክለኛ የሚባለውን አጻጻፍ በዋናው የማንነት መዝገብ ላይ ይወስኑና ሌላውን ወደዚያ ያምጡ፤ የቀድሞው አድራሻ ተጨማሪ ስም ሆኖ ይቆይ፣ አለዚያ የሚላክላት ደብዳቤ ይመለሳል።

ሌላው የማንነት ችግር ከብሮውዘር ይመጣል። በአንድ ብሮውዘር ላይ የግል ጂሜይልና የቢሮ አካውንት አብረው ተከፍተው ሳለ «ፍቀድ» ከተባለ ፈቃዱ ለግል አካውንቱ ሊሰጥ ይችላል። የግል መስኮት ከፍተው በቢሮው አካውንት ብቻ ገብተው ይሞክሩ። እዚያ ከሠራ ችግሩ ተገኘ ማለት ነው።

5ኛ ደረጃ፦ ሁለቱን በሮች ለየብቻ ይፈትሹ

403 ከመጣ ሁለት በሮች አሉ፤ ሁለቱም መከፈት አለባቸው። አንደኛው ለመተግበሪያው የተሰጠው የፈቃድ ወሰን ነው፦ ማንበብ ብቻ ወይስ መጻፍም? ሁለተኛው ትስስሩ የተተከለበት አካውንት ራሱ ያለው መብት ነው። መተግበሪያው የቱንም ያህል ፈቃድ ቢኖረው፣ በተጠቃሚ ስም የሚሠራ ከሆነ አካውንቱ ማየት የማይችለውን ማየት አይችልም።

ሁለተኛውን በር ለመፈተሽ በዚያ አካውንት ራስዎ ይግቡና ፕሮጀክቱን ወይም ፋይሉን በዓይንዎ ለመክፈት ይሞክሩ። በጂራ ፕሮጀክቱን የማየት ፈቃድ አለው? በጉግል ድራይቭ የጋራ ድራይቩ አባል ነው? ስላክ ላይ ቻናሉ የተዘጋ ከሆነ አባል የሆነ ሰው ቦቱን መጋበዝ አለበት፤ ክፍት የነበረ ቻናል ወደ ዝግ ሲቀየርም ይህንኑ ይመልከቱ።

የመጀመሪያው በር የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ መተግበሪያው ሲሻሻል ነው። አዲሱ ሥራ አዲስ ፈቃድ ይፈልጋል፤ የተሰጠ ፈቃድ ግን በራሱ አይሰፋም፤ ሰው እንደገና መፍቀድ አለበት። በማይክሮሶፍት 365 «የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል» የሚል ገጽ ከመጣ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በራሳቸው እንዳይፈቅዱ ዘግቷል ማለት ነው፤ በጉግል በኩልም አስተዳዳሪው መተግበሪያን ማገድ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ጥያቄውን ከምክንያቱ ጋር ለአስተዳዳሪው ይጻፉ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ። የትኛው ፈቃድ እንደጎደለ ከመፈለግ ይልቅ ለትስስሩ አካውንት የአስተዳዳሪነት ሥልጣን መስጠት አቋራጭ መንገድ ይመስላል፤ ችግሩም ወዲያው ይፈታል። ከዚያ ወዲያ ግን ያ ቶከን በማን እጅ ቢገባ መላው መሥሪያ ቤት ክፍት ነው። የጎደለውን አንድ ፈቃድ ፈልገው ያንኑ ብቻ ይጨምሩ።

6ኛ ደረጃ፦ መስመሩ

ከቢሮው መረብ ወጥተው በስልክ ዳታ ይሞክሩ። በስልክ ሠርቶ በቢሮ ካልሠራ ፋየርዎሉን (የመረቡን ጠባቂ) ወይም ፕሮክሲውን (በመካከል ያለውን አስተላላፊ) ይፈትሹ። የተመሰጠረው የድረ ገጽ መልእክት የሚያልፍበት በር (ፖርት) 443 ክፍት ቢሆን እንኳ ፕሮክሲው ምስጢሩን እየፈታ የሚያነብ ከሆነ የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው የምስክር ወረቀት ስለሚቀየር አንዳንድ ሶፍትዌሮች አይቀበሉትም። ስላክ ደግሞ መልእክትን ወዲያው ለማድረስ ዌብሶኬት የሚባል ክፍት የሚቆይ መስመር ይፈልጋል፤ ፕሮክሲው ያንን ከቆረጠ ገጹ ይከፈታል፣ መልእክቱ ግን ይዘገያል።

ሶፍትዌሩ በቢሮው ሰርቨር ላይ ከተጫነ ነገሩ ይለያል። አድራሻው በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምር ሰርቨር ከውጭ አይታይም፤ ስለዚህ እርሱ ወደ ስላክ መላክ ቢችልም ስላክ ወደ እርሱ መላክ አይችልም። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራ ትስስር የሚፈጠረው አንድም ከዚህ ነው። ከውጭ የሚታይ ከሆነ የምስክር ወረቀቱን ቀን ይዩ፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት በነጻ የሚሰጠው 90 ቀን ነው፣ እድሳቱ ሳይታወቅ ሊቆም ይችላል። ስላክ ለሚልከው መልእክት በ3 ሰከንድ ውስጥ ምላሽ ይጠብቃል፤ ካላገኘ እስከ ሦስት ጊዜ ደግሞ ይልካል። አንድ መልእክት ተደጋግሞ ከመጣልዎ ሰርቨርዎ ዘግይቶ እየመለሰ ሊሆን ይችላል።

7ኛ ደረጃ፦ ሰዓቱ

ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል። አገራችን ሰዓቷ ከዓለም አቀፉ መነሻ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ በበጋም በክረምትም አይቀየርም። አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ የሰዓት ቀጠናው የአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሠራተኛው ሰዓቱ መሳሳቱን ሲያይ ቀጠናውን ትቶ ቁጥሩን በእጁ ያስተካክላል። ማዕዘኑ ላይ የሚታየው ሰዓት ትክክል ነው፤ ኮምፒውተሩ ከበስተጀርባ የሚያስበው ግን እንደ ወቅቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ተሳስቷል። ስላክ የሚልካቸውን ጥያቄዎች የሚቀበል ሰርቨር ከአምስት ደቂቃ በላይ የቆየውን እንዲጥል ይመከራል፤ የባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ቁጥር በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል፤ የነጠላ መግቢያ (አንድ ጊዜ ገብቶ ብዙ ሶፍትዌር የመክፈቻ) ማረጋገጫዎችም ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ተብለው የተገደቡ ናቸው። ሰዓቱ የተዛባ ማሽን ሁሉንም ይጥላቸዋል።

በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን አያገኙም፤ በመደመር 3 ሥር ናይሮቢን ይምረጡ። በሊኑክስ ከአፍሪካ ሥር አዲስ አበባ አለ። ከዚያ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ ያድርጉ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ አሮጌ ኮምፒውተር ካለ የእናት ሰሌዳው ትንሽ ባትሪ አልቋል፤ ይቀየር።

መዝገብ ሲያነቡም ይጠንቀቁ። ሎጉ ላይ 14:05 የሚለው በዓለም አቀፉ ሰዓት ከሆነ በአዲስ አበባ 17:05፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11:05 ነው። ሠራተኛው «አምስት ሰዓት ላይ ቆመ» ካለዎት የትኛውን አምስት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቁት። ከአሜሪካ ባልደረቦች ጋር የሚደረግ ስብሰባ በመጋቢትና በኅዳር ግድም በአንድ ሰዓት ቢንሸራተት ደግሞ ካላንደሩ አልተበላሸም፤ እነርሱ ሰዓታቸውን ቀይረው ነው።

8ኛ ደረጃ፦ አሁን እንደ አዲስ ይትከሉት

ምንጩ ታውቆ ትስስሩን ማደስ ካስፈለገ በመጀመሪያ ቅንብሩን ገጽ በገጽ በምስል ያስቀሩ። ከሁለቱም ወገን ይንቀሉ፤ ከአንዱ ወገን ብቻ ከነቀሉ የቀድሞው ቶከን በሌላው ወገን ሊቀር ይችላል። የግል መስኮት ከፍተው በትስስር አካውንቱ ይግቡ፤ «ፍቀድ» ከማለትዎ በፊት የፈቃዱን ዝርዝር ያንብቡ። ከዚያ በአንድ ፕሮጀክትና በአንድ ቻናል ብቻ ይሞክሩ።

ሙከራው ሲሳካ ጉዳዩን ወዲያው አይዝጉ። የመጀመሪያው አጭር ቶከን ገና በሕይወት ስላለ ማደሻው ባይሠራም ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ይሞክሩ፤ ያን ጊዜ ከሠራ እድሳቱም ሠርቷል።

ለአገልግሎት ሰጪው የሚጽፉ ከሆነ ስህተቱ የተከሰተበትን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር፣ የስህተቱን ቃል በቃል ጽሑፍና ካለ የጥያቄውን መለያ ቁጥር ይላኩ። ቶከን ወይም የምስጢር ቁልፍ በፍጹም አይላኩ። ከብሮውዘሩ የሚወርደው ሃር የሚባለው ፋይል ኩኪዎችንም (ብሮውዘሩ የያዛቸውን የመግቢያ ምልክቶች) ስለሚይዝ አጽድተው እንጂ እንዳለ አይላክ። እ.ኤ.አ. በ2023 የመግቢያ አገልግሎት ሰጪው የኦክታ የደንበኞች ድጋፍ ሥርዓት በተደፈረ ጊዜ ጥቃት አድራሾቹ የተጠቀሙት ደንበኞች ከላኳቸው እንዲህ ካሉ ፋይሎች ውስጥ ያገኙትን ቶከን ነበር።

በመጨረሻም የትስስሮች መዝገብ ይክፈቱ፤ አንድ ሠንጠረዥ ይበቃል፦ ከየት ወደ የት፣ በየትኛው አካውንት፣ ኃላፊው ማን ነው፣ መቼ ያልቃል። በኤንትራ ገጽ ላይ የሚወጣ የመተግበሪያ የምስጢር ቁልፍ ቢበዛ 24 ወር ይቆያል፤ የነጠላ መግቢያ የምስክር ወረቀቱ ሌላ ካልተመረጠ ሦስት ዓመት ነው። አሁን የሚወጣ የአትላሲያን ኤፒአይ ቶከን ከአንድ ዓመት አያልፍም። ቀኖቹን ከ30 ቀን በፊት በሚያስታውስ የጋራ ካላንደር ላይ ያስገቧቸው። ሠራተኛ ሲሰናበት በሚሞላው የርክክብ ቅጽ ላይ ደግሞ «በስሙ የተተከለ ትስስር አለ?» የሚል አንድ መስመር ያስጨምሩ፤ አካውንቱ የሚዘጋው ያ መስመር ከተሞላ በኋላ ይሁን።